ጣሳውና ኪሎው፤ ስለ ስፍርና ስለ ሚዛን ጥቂት ቃል

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የማወጋችሁ ነገር የቢሮ ጉዳይ አይደለም፤ የማድቤት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጉዳይ የተነሣ አንዲት ንጽሕት ሴት በእኔ አንደበት ሌባ ተብላ ስለ ነበረ፥ ነገሩን ከመነሻው ጀምሬ እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። በጥንት ጊዜ ግን መንደር ብቻ አልነበረችም። በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ባደረጉት ቁፋሮ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የጌጣጌጥ መሥሪያ ስፍራ፥ ከየመን፥ ከማልዲቭ፥ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጣ ዕቃ፥ እንዲሁም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብ ተገኝቶባታል። ይህም በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ወር ለዓለም ተነግሯል። የአካባቢው ሰዎች፥ ያንን ትልልቅ ድንጋይ እየፈነቀለ ቤት የሠራው ሕዝብ ግዙፍ ቁመት የነበረው ነው እያሉ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ያወራሉ።

እኔም ይህንን ፍርስራሽ ለማየት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በታኅሣሥ ወር ወደዚያ ወጣሁ። አዝመራው ተሰብስቦ ስለ ነበረ፥ በመንገዱ ዳር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ማሽላ ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። መስፈሪያቸው የቲማቲም ሳልሳ የነበረበት ባዶ ጣሳ ነው። በጣሳው ላይ «1 ኪሎ ግራም» የሚል ጽሕፈት በጉልህ ይነበባል። እኔም ያንን አንብቤ፥ የአንዱን ጣሳ ዋጋ ጠይቄ፥ ከከተማው የኪሎ ዋጋ ጋር በልቤ አስተያይቼ፥ ረከሰልኝ ብዬ ስድስት ጣሳ አሰፈርሁ። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ጣሳ አፍ ለአፍ ሞልተው፥ በላዩ ደግሞ ምራቂ ጨምረው ሰጡኝ።

ቤቴ ገብቼ «6 ኪሎ ማሽላ አመጣሁ» ብል፥ ባለቤቴ ሁሉን ነገር መመዘን ልማዷ ነውና በማድቤት ሚዛን ላይ አኖረችው። ሚዛኑ 4 ኪሎ ከ400 ግራም አለ። እንደ ገና ብትመዝነውም ያው ነው። በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጣ እናንተው ገምቱት። ቁጣዬን በቤቴ ብጨርሰው መልካም በሆነ፤ ዳሩ ግን በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ በቡና ሰዓት ለባልደረቦቼ አወራሁት። «በዚያ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሴትዮ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ አጉድጉደውታል መሰለኝ» እስከ ማለት ደረስሁ። ከመካከላቸው አራቱ በየወሩ የቤታቸውን ማሽላ ከእኚሁ ሴት የሚሸምቱ ኖረዋል። አራቱም ተዉ።

ነገሩን የሰሙት የመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ግን ዝም ብለው አላለፉትም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዕቃ ሲረከቡና ሲያስረክቡ የኖሩ፥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፤ ያን የመሰለ ጣሳ ገዝተህ አምጣልኝ» አሉኝ። አመጣሁ። ሳልሳው በሌላ ዕቃ ተገልብጦ ጣሳው ከታጠበ በኋላ፥ ባዶውን መዝነው ክብደቱን በወረቀት ጻፉ። ቀጥሎ ውኃ ሞልተው መዘኑትና የጣሳውን ክብደት ቀነሱ፤ የውኃው ክብደት 900 ግራም ያህል ሆነ። ከዚያም ውኃውን አፍስሰው፥ ጣሳውን አድርቀው፥ የዚያኑ የሐርላን ማሽላ ከአፉ ጋር አስተካክለው ሞሉና መዘኑት። 680 ግራም ሆነ። ስድስቱ ጣሳ በዚሁ ስሌት 4 ኪሎ ከ80 ግራም ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው 300 ግራም የሚያህለው ምንድር ነው? ሴትዮዋ የሰጡኝ ምራቂ ነው!

«ጣሳው ላይ የተጻፈው ምስክርነት ስለ ቲማቲሙ ነው፤ ስለ ማሽላው ማን መሰከረልህ?» አሉኝ ጋሼ።

ክቡራን አንባብያን፤ ነገሩ ይህ ነው። ስፍር ቦታን ይለካል፤ ሚዛን ክብደትን ይለካል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፥ ያ የተሰፈረው ነገር በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ ነው። ሳልሳው ከውኃ ይከብዳልና በ900 ሚሊ ሊትር ቦታ 1 ኪሎ ገባ። ማሽላው ደግሞ በፍሬና በፍሬ መካከል አየር አለበት። አንዲቱን የማሽላ ፍሬ ለብቻዋ ውኃ ውስጥ ብትጥሏት ትሰጥማለች፤ ፍሬዋ ራሷ ከውኃ ትከብዳለችና። ጣሳ ሙሉው ማሽላ ግን ከጣሳ ሙሉው ውኃ ያነሰ ይመዝናል፤ ከጣሳው ውስጥ ጥቂት የማይባል ቦታ የአየር ነውና። እንግዲህ አየሩን ገዝቼ ኖሯል ብዬ ልስቅ ብሞክርም፥ ዋጋው የተቈረጠው በጣሳ እንጂ በኪሎ አልነበረምና፥ አየርም አልሸጡልኝም።

በተቃራኒው 900 ግራም ተብሎ የተጻፈበትን የዱቄት ወተት ጣሳ ብትወስዱ፥ የዱቄት ወተት ቀላል ስለ ሆነ ጣሳው ትልቅ ነው፤ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ይይዛል። በዚያ ጣሳ የተሰፈረ ማሽላ 1 ኪሎ ከ400 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በዚያ ጣሳ ሰፍረው ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ፥ ሴትዮዋን ሳልሰማ ዘረፍኋቸው ማለት ነበር። ለዚያ ግን ቢሮ ገብቼ የማወራ አይመስለኝም።

ኪሎ ራሱ ከሊትር የተወለደ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ መለኪያ በወጣው ሕግ፥ ግራም ማለት አንድ ሴንቲ ሜትር በሁሉ ገጽ የሚሆን ቦታን የሚሞላ በረዶ በሚቀልጥበት ቅዝቃዜ ላይ ያለ ውኃ ክብደት ነው ተብሎ ተደነገገ። ስለዚህም አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሆነ። ኋላ ኪሎው በብረት ተሠርቶ ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ብረቱም ቀርቶ ሊቃውንት በሚያውቁት የማይለወጥ የተፈጥሮ ቍጥር ተወስኗል። ለማድቤት ግን የ1795ቱ ሕግ ይበቃል፤ ውኃ በሊትር ቢሰፈር፥ በኪሎም ቢመዘን ያው ነው። ችግሩ ውኃ ያልሆነው ሁሉ ነው።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር፤ ለሁለቱም የተለያየ ቃል ነበራቸውና። እህል በቁናና በዳውላ ይሰፈር ነበር፤ በብዙ አገር 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባል ነበር፤ ቁናው ግን ከአገር አገር ይለያያል። ወርቅና የመሳሰለው ውድ ዕቃ ደግሞ በወቄት፥ በነጥርና በፈረሱላ ይመዘናል። ወቄቱ የሚታወቀው በማርትሬዛ ጠገራ ብር ክብደት ነበር፤ ብሩም 28 ግራም ከጥቂት ነው። ወቄት የሚለው ስም ከዐረብ ቃል የመጣ ሲሆን፥ ዐረቡም ከግሪክና ከሮማ ቋንቋ የተቀበለው ነው፤ እንግሊዞች «አውንስ» የሚሉት የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ከ35 ስለሆነ፥ ቃሉ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ዘመድ ነው። ኩንታል የሚለውም እንዲሁ ሮማውያን «መቶ» ካሉት ተነሥቶ በዐረብና በጣሊያን አንደበት ዞሮ የደረሰ ነው። ፈረሱላ የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መለኪያ ነው፤ ዛሬም በቡና ንግድ 17 ኪሎ ማለት ነው። እንደ ሐርላ ባለ፥ የየመንና የቻይና ዕቃ በሚገናኝበት ገበያ ሰዎች አንዱን መለኪያ በሌላው ሲመልሱ መዋላቸውን ማሰብ አያስቸግርም። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ከፈረንሳዊው ኩባንያ ጋር ኪሎና ቶን አብረው ደረሱ። ጣሳው ግን ከገበያችን አልወጣም፤ መውጣትም ያለበት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማድቤታችን እንግባ።

በጽሑፍ የተዘጋጀ የምግብ አሠራር ዛሬ ከየአገሩ ይደርሰናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በ«ካፕ» ይጽፋሉ፤ ያም 237 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስፍር ነው። የአውሮፓው ጽሑፍ በግራም ነው። እናቶቻችን ደግሞ በጣሳ፥ በብርጭቆ፥ በጭልፋና በእፍኝ ይነግሩናል። ከዚህም በላይ እንግሊዝኛው «አውንስ» የሚለውን አንዱን ቃል ለክብደትም ለፈሳሽ ስፍርም ስለሚጠቀምበት፥ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ሊጡን አበላሽቷል። ፈሳሽ ላይ ሲጻፍ ስፍር፥ ደረቅ ነገር ላይ ሲጻፍ ክብደት ነው ብላችሁ ብትይዙት አብዛኛውን ጊዜ አትስቱም።

በመጀመሪያ የራሳችሁን ብርጭቆ ዕወቁት። አንድ ሊትር ከሚይዝ የውኃ ጠርሙስ እየቀዳችሁ ቍጠሩ፤ አምስት ብርጭቆ ቢወጣው ብርጭቋችሁ 200 ሚሊ ሊትር ነው። በቤታችሁ ሕፃን ካለ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ በጡጦው ላይ ሚሊ ሊትሩ በመስመር ተመልክቷልና። በዚህ ባለ 200 ብርጭቆ ውኃ 200 ግራም ሲሆን፥ የስንዴ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ቢሞላ 105 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስኳር 170፥ ምስርና ሩዝ 160፥ የጤፍ ፍሬም ከዚያው የሚቀራረብ፥ ዘይት 184፥ ደቃቅ ጨው 240፥ ማር 280 ግራም ይሆናል። እንግዲህ 500 ግራም ዱቄት የሚል አሠራር ቢደርሳችሁ አምስት ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው፤ እንደ ውኃ ቈጥሮ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ያደረገ ሰው ዳቦ ሳይሆን ሙቅ ይወጣለታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዱቄት ነው። ዱቄት እንደ ሰው ጠባይ ነው፤ እንደ ያዙት ይሆናል። በወንፊት ነፍታችሁ በማንኪያ ብትሞሉት ይቀላል፤ ብርጭቆውን በጆንያው ውስጥ ከትታችሁ ብትዝቁት ይጠቀጠቃል፤ ጠረጴዛውን ደግሞ መታ መታ ብታደርጉት ይበልጥ ይወርዳል። በዚህ ብቻ የአንዱ ብርጭቆ ዱቄት ክብደት ከመቶ 20 ያህል ሊለያይ ይችላል። የጎረቤት እመቤት ድፎ ዳቦዋን እንዴት እንደምትሠራ በቅንነት ነግራችሁ፥ እናንተም በቅንነት እንደ ነገረቻችሁ ሠርታችሁ፥ ዳቦው ድንጋይ ቢሆንባችሁ፥ «ምሥጢሩን ደብቃብኛለች» አትበሉ። ምናልባት እርሷ በማንኪያ ትሞላለች፥ እናንተ ትዝቃላችሁ።

ወፍጮ ቤትም ተመሳሳይ ክርክር ይነሣል። ሦስት ጣሳ ማሽላ ልካችሁ አራት ጣሳ ዱቄት ቢመለስላችሁ ባለ ወፍጮው አልጨመረላችሁም፤ እህል ሲፈጭ ቦታ ይበዛበታል፥ ክብደቱ ግን አይጨምርም። ሦስት ጣሳ ልካችሁ ሦስት ጣሳ ቢመለስ ነው መጠየቅ የሚገባው። ቡናም እንደዚሁ ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ሆኖ ስለ ቡና አለመናገር ስለማይቻል ይህን ልጨምር። ጥሬ ቡና ሲቈላ ከክብደቱ ከመቶ 15 ያህል ያጣል፤ ፍሬው ግን አብጦ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይገዝፋል። ስለዚህ አንድ ስኒ ጥሬ ቡናና አንድ ስኒ የተቈላ ቡና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅቤ ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀት ለስልሶ ብርጭቆውን ያለ ክፍተት ይሞላል፤ በደጋ አገር ግን ደርቆ በመካከሉ ጕድጓድ ይተዋል። ቅቤን በስፍር የምትለኩ ከሆነ አቅልጣችሁ ለኩት።

አንዳንዱ ስሕተት በዳቦ ላይ ብቻ አያበቃም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በቤት ስለሚዘጋጀው ውኃ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የታሸገ ዱቄት ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ ለአንድ ሊትር የሚሆነው 20 ግራም ተኩል ይመዝናል፤ ስለዚህም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ እንጂ በብርጭቆ ውስጥ ተከፍሎ በግምት አይበጠበጥም። እርሱ በማይገኝበት ሰዓት፥ ንጹሕ በሆነ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፥ ዱቄቱም ከአፉ ጋር በቢላዋ የተስተካከለ ማለት ነው። በክብደት ሲታይ ስኳሩ 25 ግራም፥ ጨውም 3 ግራም አካባቢ ነው። ሦስት ግራም እንግዲህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አስቡት። እናት በፍርሃት ተይዛ፥ ይብዛለት ብላ፥ ማንኪያውን ቁልል አድርጋ ብትሞላው ጨው እጥፍ ይሆናል፤ የበዛ ጨው ደግሞ ሰውነቱ ውኃ ላነሰው ሕፃን አደጋ ነው። የበዛ ስኳርም ተቅማጡን ያብሳል። በገበያ ላይ ምራቂ መልካም ነገር ነው፤ በዚህ ማንኪያ ላይ ግን ምራቂ የለም። ሕፃኑ ዐይኑ ከጐደጐደ፥ ከደከመ፥ ወይም መጠጣት ካቃተው፥ በቤት ሳትቈዩ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሚዛን የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ የኔ ቤትም ባለቤቴ እስክትገዛ ድረስ አልነበረውም። ሚዛን የሌለው ሰው ግን ውኃ ካለው ክብደት አለው። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መካከሉን በገመድ አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት እኩል ፌስታል አንጠልጥላችሁ እንጨቱ ጋደል እንዳይል አስተካክሉ። በአንዱ ፌስታል ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ አኑሩ፤ በሌላው ያንኑ የመሰለ ባዶ ጠርሙስ ከነክዳኑ ጨምሩ፤ የጠርሙሱ ክብደት በዚህ ተጣጣ። ከዚያ እንጨቱ እስኪስተካከል ድረስ በባዶው ጠርሙስ በኩል ዱቄት ጨምሩ። ያ ዱቄት 500 ግራም ነው። አሁን ዱቄቱን በራሳችሁ ብርጭቆ ስፈሩትና ስንት እንደ ወጣው በወረቀት ጽፋችሁ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጥፉት። ስኳሩንም፥ ሽሮውንም፥ በርበሬውንም እንዲሁ አድርጉ። በርበሬና ሽሮ እንደ አፈጫጨታቸው ይለያያሉና እኔ የምነግራችሁን ቍጥር ከምትቀበሉ የራሳችሁን ብትመዝኑ ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል፤ ልጆች ካሏችሁም ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት አታገኙላቸውም።

ወደ ሐርላ ልመለስ።

ከጋሼ ጋር በተነጋገርን በሳምንቱ፥ ያንኑ ባልደረባዬን ይዤ ወደዚያው ወጣሁ። አስቀድሜ ለአራቱ ባልደረቦቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፥ በዚያው በቡና ሰዓት፥ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ፤ ይህን ማድረጉ ወደ ሐርላ ከመውጣቱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ሴትዮዋ በዚያው ስፍራ ተቀምጠው አገኘናቸው። አማርኛቸው ጥቂት፥ የእኔም ኦሮምኛ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፥ የሰፈሩ አንድ ተማሪ ልጅ አስተረጐመልን። «እናቴ፤ በድያችኋለሁ» ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጣሳውን፥ ሚዛኑን፥ ሐሜቱንም።

ሰምተው ሲጨርሱ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ልጄ፤ እኔ ጣሳ ሸጥሁልህ እንጂ ኪሎ አልሸጥሁልህም። እነዚያ ሰዎች ለምን ቀሩ እያልሁ፥ እህሌ ነቅዞ ይሆን ብዬ ስገለብጠው ከረምሁ» አሉኝ።

አስተርጓሚው ልጅ ጣሳውን አንሥቶ ጽሕፈቱን ካነበበ በኋላ፥ 680 የሚለውን ቍጥር ከእኔ ጠይቆ በከሰል በጣሳው ጎን ጻፈው። ሴትዮዋም ምን እንደ ጻፈ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ፥ «አሁንስ በጣሳ ነው ወይስ በኪሎ የምትፈልገው?» ብለው ጠየቁኝ። «በጣሳ» አልሁ። ስድስት ጣሳ ሰፈሩልኝ፤ ምራቂውንም ጨመሩ።